ሰው የሚታወቀው በሥራው ነው
የጃፓናዊው የሲኒማ ተጫዋች የቶሺሮ ሚፉኔ ታሪክ

ሰውን ባመሉ ወይም በዘሩ ቸኵሎ የሚንቅ ሁሉ ኋላ ማፈሩ አይቀርም። ለዚህም የጃፓናዊው የቶሺሮ ሚፉኔ ታሪክ መልካም ምስክር ነው።

ሚፉኔ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1920 ዓ.ም. በቻይና አገር በቺንግዳዎ ከተማ ከጃፓናውያን ወላጆች ተወለደ። አባቱ ፎቶግራፍ አንሺ ስለ ነበረ ልጁም ሙያውን ከርሱ ተማረ፤ በጦርነቱም ዘመን በአየር ጦር ውስጥ በዚሁ ሙያ አገለገለ። በ1945 ጦርነቱ ሲያልቅ ግን ሥራ አጥ ሆነ። በ1946 ቶሆ ወደሚባለው የሲኒማ ኩባንያ ሄዶ የሲኒማ አንሺ ረዳት ለመሆን ቢያመለክት፤ ማመልከቻው አዲስ ተጫዋቾች ወደሚመረጡበት ክፍል ተላለፈ። በፈተናውም ላይ እንደ አውሬ ስለ ተቈጣ፤ ከፈታኞቹ አንዳንዶቹ ሥርዓት የሌለው ነው ብለው ሊጥሉት ነበር። ነገር ግን አኪራ ኩሮሳዋ የተባለው የሲኒማ አዘጋጅ በዚያ ቍጣ ውስጥ ትልቅ ስጦታ መኖሩን አስተውሎ ተከራከረለት።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ከ1948 እስከ 1965 ድረስ 16 ሲኒማ አብረው ሠሩ። ከነዚህም ውስጥ «ራሾሞን» በ1951 በቬኒስ ከተማ የወርቅ አንበሳ ሽልማት አገኘ። ሚፉኔም ራሱ በ1961ና በ1965 በዚያው ከተማ ከወንዶች ተጫዋቾች የበለጠ ተብሎ ተሸለመ።

ይሁን እንጂ ሚፉኔን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳውቀው በ1954 የወጣው «ሰባቱ ሳሙራይ» ነው። ሳሙራይ ማለት በጥንት ዘመን በጃፓን አገር በትውልዱ ሰይፍ የሚታጠቅ ጦረኛ ነው። ሚፉኔ የሚጫወተው ኪኩቺዮ የተባለውን ሰው ሆኖ ነው። ኪኩቺዮ ሳሙራይ ነኝ ብሎ የትውልድ መጽሐፍ ያሳያል፤ በመጽሐፉ የተጻፈው ሰው ግን የ13 ዓመት ልጅ ሆኖ ስለ ተገኘ ይሥቁበታል። በእውነቱ የገበሬ ልጅ ነበር። ሽፍቶች ቤቶችን ባቃጠሉ ጊዜ ግን፤ ከምትሞት እናት እጅ ሕፃን ተቀብሎ፤ እኔም እንደዚሁ ነበርሁ እያለ ያለቅሳል። በመጨረሻውም ውጊያ ቈስሎ ሳለ የሽፍቶቹን አለቃ ገድሎ ይሞታል። በመቃብሩም ላይ እንደ ሌሎቹ ሳሙራዮች ሁሉ ሰይፍ ተተከለለት።

ሚፉኔ በ1997 በ77 ዓመቱ ዐረፈ። እንግዲህ ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ በሰው ዘር እንዳይሥቁ አስተምሯቸው፤ እናንተም ቍጡውን ልጅ ከመናቃችሁ በፊት ስጦታውን መርምሩ።