የጉኬሽ መንገድ

በዕረፍት ሰዓት ከቼዝ ገበታው ዙሪያ የሚሰበሰቡ ተማሪዎቻችን ዘንድሮ አንድ ስም ደጋግመው ሲጠሩ ሰምተናል፤ ጉኬሽ። በ18 ዓመቱ የዓለም ሻምፒዮን መሆኑን ሁሉም ያውቃሉ። እዚያ እንዴት እንደደረሰና ማን ምን እንደከፈለለት ግን ብዙም አይወራም። እኛም ለልጆቹም ለወላጆችም የሚጠቅመው ይኸኛው ነው ብለን አሰብን። ዓመታቱን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ጉኬሽ ዶማራጁ በሜይ 2006 በደቡብ ሕንድ፣ በቼናይ ከተማ ተወለደ። አባቱ የአንገት በላይ ቀዶ ሐኪም፣ እናቱ የማይክሮባዮሎጂ ባለሙያ ናቸው። ቼዝን የተማረው በሰባት ዓመቱ፣ በ2013፣ በትምህርት ቤቱ ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የከተማው ልጅ ቪሽዋናታን አናንድ የዓለም ሻምፒዮንነቱን እዚያው ቼናይ ላይ ለኖርዌዩ ማግነስ ካርልሰን አስረከበ። ከተማው ስለ ቼዝ ብቻ በሚያወራበት ወቅት ነው እንግዲህ ትንሹ ልጅ የጠጠሮቹን አካሄድ የተማረው።

በነገራችን ላይ ጨዋታው ለእኛም ባዕድ አይደለም። አያቶቻችን ሰንጠረዥ ይሉት የነበረው ጨዋታ ከሕንድ ተነሥቶ በፋርስና በዐረቦች በኩል የተጓዘው የዚሁ ዘር ነው። በሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንዳሻቸው ያንቀሳቅሳሉ። በቼዝ ግን ከመጀመሪያው አንሥቶ ተራ በተራ ነው።

ግራንድማስተር የሚባለው ማዕረግ በአንድ ድል አይገኝም። ተጫዋቹ የደረጃ ነጥቡን 2500 ማድረስ አለበት፤ በተጨማሪም ከሌሎች አገሮች የመጡ ተጫዋቾችና ግራንድማስተሮች በሚሳተፉባቸው ውድድሮች የተወሰነ ከፍተኛ ውጤት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጊዜ፣ ማስመዝገብ ይኖርበታል። ይህ ማለት ጉዞ ነው፤ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬት፣ ሆቴል። ዕድሜው ገና አሥር ዓመት ገደማ የሆነ ልጅ ደግሞ ብቻውን አይጓዝም። አባቱ የሕክምና ሥራቸውን ትተው አብረውት ዞሩ፤ ቤቱ በእናት ደመወዝ ቆመ፤ የቤተሰቡ ወዳጆችም ገንዘብ አዋጡ። ትምህርት ቤቱ ከአራተኛ ክፍል በኋላ መደበኛ ክፍል እንዳይገባ ፈቀደለት።

እዚህ ላይ ቆም ብለናል። አንድ ወላጅ መጥቶ «ልጄን ከክፍል አስወጡልኝ፤ ቼዝ ይጫወት» ቢለን ምን እንመልሳለን? እውነቱን ለመናገር፣ እምቢ የምንል ይመስለናል። ሥራቸውን ትተው ልጃቸውን ይዘው ዞረው ያልተሳካላቸው ወላጆች ታሪክ በጋዜጣ አይወጣም። የጉኬሽ አባትና እናት ውጤቱን አስቀድመው አላወቁትም፤ ያወቁት የልጃቸውን ፍላጎትና ትጋት ብቻ ነበር። ገና ትንሽ ልጅ ሳለ ምን መሆን እንደሚፈልግ ተጠይቆ፣ በዕድሜ ከሁሉም የሚያንስ የዓለም ሻምፒዮን መሆን እንደሚሻ በካሜራ ፊት መልሷል።

በጃንዋሪ 15 ቀን 2019 ማዕረጉን አገኘ፤ ዕድሜው 12 ዓመት ከ7 ወር ከ17 ቀን ነበር። የዓለም ክብረ ወሰን ግን በሩሲያዊው ሰርጌይ ካርያኪን በ12 ዓመት ከ7 ወር ተይዞ ነበር። በ17 ቀን አመለጠው። ለአዋቂ እንኳ የሚያንገበግብ ነው።

በዚያን ጊዜ አሠልጣኙ ግራንድማስተር ቪሽኑ ፕራሳና ነበሩ። እሳቸው የመረጡት መንገድ ለዛሬ ልጆች እንግዳ ነው፤ ጉኬሽ 2500 ነጥብ እስኪያልፍ ድረስ የቼዝ ኮምፒውተር ፕሮግራም እንዳይጠቀም አደረጉ። ፕሮግራሙ ምርጡን እርምጃ በቅጽበት ያሳያል፤ ልጁ ግን አንድ አቀማመጥ ላይ ረጅም ጊዜ ተቀምጦ ራሱ ማስላት ነበረበት። የቤት ሥራ መልስ ከስልክ የሚቀዱ ተማሪዎቻችን ይህችን አንቀጽ ሁለት ጊዜ ቢያነቡ አንጠላም።

በ2022 በቼናይ አቅራቢያ በተካሄደው የቼዝ ኦሎምፒያድ ለሕንድ ሁለተኛ ቡድን ተሰልፎ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፈ። ከመጨረሻው በፊት ባለው ዙር ግን በእጁ የነበረውን ጨዋታ በኡዝቤኪስታኑ ኖዲርቤክ አብዱሳቶሮቭ ተነጠቀ፤ ወርቁ ለኡዝቤኪስታን፣ ነሐሱ ለጉኬሽ ቡድን ሆነ። በመስከረም 2023 አናንድ ከ1986 ጀምሮ ይዞት የቆየውን የሕንድ አንደኛነት ወሰደ። በ2024 በቡዳፔስት ሕንድ የኦሎምፒያድ ወርቅ ስታገኝ የመጀመሪያውን ገበታ የያዘው እሱ ነበር፤ ከአሥር ጨዋታ ዘጠኝ ነጥብ ሰብስቧል።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 2024፣ የሻምፒዮኑን ተጋጣሚ የሚለየው ውድድር በቶሮንቶ ተደርጎ ነበር። ስምንት ተጫዋቾች፣ አሥራ አራት ዙር። በሰባተኛው ዙር ጉኬሽ ሰዓት አጥሮት በአሊሬዛ ፊሩዥያ ተሸነፈ። በኋላ ሲጠየቅ፣ ውድድሩን ማሸነፍ እንደሚችል የተሰማው ከዚያ ሽንፈት በኋላ መሆኑን ተናግሯል። በ9 ነጥብ አንደኛ ወጣ።

በሲንጋፖር ከቻይናዊው ሻምፒዮን ዲንግ ሊረን ጋር የገጠመውም የመጀመሪያውን ጨዋታ ተሸንፎ ነው። ሦስተኛውንና አሥራ አንደኛውን አሸነፈ፤ አሥራ ሁለተኛውን ተሸነፈ። ዲሴምበር 12 ቀን ለመጨረሻው ጨዋታ ሲቀመጡ ነጥባቸው እኩል፣ 6.5 ለ 6.5 ነበር። ጉኬሽ ጥቁሩን ይዟል፤ አንድ ትርፍ ወታደር አለው፤ ሆኖም አቻ ይወጣሉ የሚል ግምት ነበር። በ55ኛው እርምጃ ዲንግ ተሳሳተ፤ ትልልቆቹ ጠጠሮች ተለዋውጠው ከገበታው ሊወጡ፣ ትርፏ ወታደር ጨዋታውን ልትወስን ሆነ። ጉኬሽ ስሕተቱን ወዲያው አላየም። ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። ጋሪ ካስፓሮቭ በ1985 ሻምፒዮን ሲሆን 22 ዓመቱ ነበር፤ ይህ ልጅ 18። አለቀሰ፤ ከዚያ ጠጠሮቹን አንድ በአንድ ወደ መነሻ ቦታቸው መለሰ። አባቱ ከአዳራሹ ውጭ ይጠብቁት ነበር።

ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በኔዘርላንድስ በዋይክ አን ዜ ውድድር፣ አንደኛውን ለመለየት በተደረገው ግጥሚያ ተሸነፈ። ያሸነፈው የከተማው ልጅ ፕራግናናንዳ ነው፤ ሁለቱም በቼናይ የቬላማል ትምህርት ቤቶች የተማሩ ናቸው።