በቆሎና አደንጓሬ በአንድ ማሳ፤ ስለ አዘራሩ ሥርዓት

በጎጃም ገበሬ ዘንድ ሁለት ዓይነት እህል በአንድ ማሳ መዝራት አዲስ ነገር አይደለም። ከደብረ ማርቆስ ወደ ጮቄ ተራራ በሚያወጣው ደጋ ባቄላና አተር ተቀይጠው ይዘራሉ፤ ወደ ፍኖተ ሰላምና ወደ ቡሬ በሚወርደው ወይና ደጋ ደግሞ አደንጓሬ በጓሮ በቆሎ አገዳ ላይ ተጠምጥሞ ይታያል። ስለዚህ የምንጠይቀው መቀየጥ ይገባል ወይ ብለን ሳይሆን፥ አንዱ ዘር ከሌላው ምን ያህል ርቆና መቼ ቢዘራ ይሻላል ብለን ነው። መሬቱ ሁለትና ሦስት ጥማድ ብቻ ለሆነ ቤተ ሰብ ይህ የዓመት ቀለብ ጉዳይ ነው።

አስቀድመን መለኪያውን እንግለጽ። በቆሎ ለብቻው ቢዘራ ከአንድ ሄክታር 40 ኩንታል፥ አደንጓሬም ለብቻው 10 ኩንታል ይሰጣል እንበል። በአንድ ሄክታር አብረው ተዘርተው 32 ኩንታል በቆሎና 4 ኩንታል አደንጓሬ ቢገኝ፥ የበቆሎው ድርሻ 0.8፥ የአደንጓሬው 0.4፥ ድምሩ 1.2 ይሆናል፤ ይኸውም ለየብቻ ቢዘሩ ያንኑ ምርት ለማግኘት 1.2 ሄክታር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ድምሩ ከ1 በታች ከሆነ ግን ቅይጡ መሬት አባክኗል።

ድምሩን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ብርሃን ነው። በቆሎ በ75 ሳንቲ ሜትር መስመር፥ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ተትቶ ሲዘራ በሄክታር 44,000 ያህል ተክል ይይዛል። በየመካከሉ አንድ መስመር አደንጓሬ ቢገባ ከበቆሎው የሚርቀው 37 ሳንቲ ሜትር ተኩል ብቻ ስለሆነ፥ የበቆሎው ቅጠል ሲገጥም ጥላ ይውጠዋል። ነገር ግን መስመሮቹ ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ 50 ቢቀራረቡ፥ በጥንድና በጥንድ መካከልም 100 ሳንቲ ሜትር ቢተው፥ ከበቆሎው ቁጥር አንድ እንኳ ሳይጎድል ለሁለት መስመር አደንጓሬ የሚበቃ ብርሃን ያለው ቦታ ይገኛል።

ከውጭ አገር የሚመጡ የእርሻ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ የሚረሱት ሌላ ነገር ሽልሻሎ ነው። በቆሎው ጉልበት ሲደርስ ገበሬው በሬዎቹን ጠምዶ በመካከሉ ያርሳል፤ አረሙ ይገለበጣል፥ የበዛው ቡቃያ ይሳሳል፥ ሥሩም አፈር ይለብሳል። እንግዲህ ከበቆሎው ጋር በአንድ ቀን በመካከሉ የተዘራ አደንጓሬ ማረሻው ሲያልፍ መነቀሉ አይቀርም። መውጫው ሁለት ነው። አንዱ አደንጓሬውን በዚያው በበቆሎው መስመር ውስጥ መዝራት ነው፤ በዚህ ጊዜ አገዳው ድጋፍ ይሆነዋል፥ ሽሚያው ግን ይበረታል። ሁለተኛው ሽልሻሎው እስኪያልፍ ቆይቶ በለሰለሰው አፈር ላይ መዝራት ነው፤ በዚህም ማረሻው አይነካውም፥ ነገር ግን ዝናሙ ቀድሞ ከወጣ ሳያፈራ ይደርቃል። ለእኛ የክረምቱ ዝናም በሚረዝምበት ቦታ ሁለተኛው የተሻለ ይመስለናል።

ጥራጥሬ ጎረቤቱን ይመግባል የሚባለው ተጋኗል። በሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ከአየር የሚይዙት ናይትሮጅን በአብዛኛው የሚጠቅመው ራሱን ጥራጥሬውንና፥ ሥሩና ቅጠሉ በመሬት ከበሰበሰ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት የሚዘራውን እህል ነው። በዚያው ዓመት ለበቆሎው የሚተርፈው በአፈሩ ናይትሮጅን ላይ ያን ያህል የማይሻማው ጎረቤት ማግኘቱ ነው።

በደጋው ስንዴና ባቄላ ተበትነው ሲቀየጡ ደግሞ ችግሩ አረም ነው። ቱ ፎር ዲ የተባለው መድኃኒት ስንዴውን ትቶ ሰፊ ቅጠል ያለውን ስለሚገድል ባቄላውንም አብሮ ይፈጃል፤ ስለዚህ የተቀየጠ ማሳ በእጅ ይታረማል። በየተራ በመደብ የተዘራ እንደሆነ ግን አራሚው ሰብሉን ሳይረግጥ በመካከሉ ለማለፍ ይችላል።