የፋይል ስም ሲረዝም

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» ይላል ያገሬ ሰው። የቢሮ ፋይልን ስም ግን የሚያወጣው ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ስም ሲያወጣ አይቆጥብም። «የመጨረሻ የተሻሻለ የኪራይ ውል የሥራ አስኪያጁ አስተያየት የተካተተበት» የሚል ፋይል ያላጋጠመው የቢሮ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኛ የሕግ ሰዎችማ የተከራካሪዎቹ ስም እስከ አያት ካልተጻፈ ሰነዱ የተሟላ አይመስለንም። ከዚያ አንድ ቀን የመሥሪያ ቤቱ ሶፍትዌር «ስሙ ረዝሟል» ብሎ አሻፈረኝ ይላል።

ብዙ ሰው የማያውቀው፣ ኮምፒውተሩ የሚቆጥረው የፋይሉን ስም ብቻ አለመሆኑን ነው። የድራይቩን ፊደል፣ የፎልደሮቹን ስም፣ መለያ ምልክቶቹንና ክፍት ቦታዎቹን ሁሉ ይቆጥራል። በዊንዶውስ የቆየው ጣሪያ 260 ነው፤ ኤክሴል ደግሞ ከ218 በላይ አይቀበልም። አንዱ ሠራተኛ የሚከፍተው ፋይል ሌላውን እምቢ የሚለውም አንዳንዴ ለዚህ ነው፤ የመጀመሪያው በአንዲት የድራይቭ ፊደል በአቋራጭ ሲገባ፣ ሁለተኛው በሰርቨሩ ሙሉ አድራሻ ይመጣል።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ፋይሉን አጭር ስም ወዳለው ፎልደር ገልብጦ መክፈት ነው። ከተከፈተ ሰነዱ ጤነኛ ነው፤ ችግሩ አድራሻው ነው። መገልበጡም ካልተቻለ፣ በላዩ ከተደራረቡት ፎልደሮች የአንዱን ስም ማሳጠር ሥሩ ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ያቀላል። ነገር ግን ሌላ ሶፍትዌር በቀድሞው አድራሻ የሚፈልጋቸው ከሆነ ያጣቸዋልና አስቀድሞ የአይቲ ባለሙያ ማማከር ይበጃል። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ በዊንዶውስ 10 ጣሪያውን ከፍ ማድረግ የሚቻልበትን መንገድ ከፍቷል፤ ሆኖም ባለሙያው ካላበራው፣ ሶፍትዌሩም ካልተቀበለው ዋጋ የለውም።

በአማርኛ ለሚሰይም ሰው ሌላም ነገር አለ። በብዙ የሊኑክስ ሰርቨሮች የአንድ ፋይል ስም ከ255 ባይት አይበልጥም። አንድ የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ የእኛ ፊደል በተለመደው የዩቲኤፍ-8 አሠራር ሦስት ይወስዳል። ስለዚህ 85 ፊደል ላይ ያበቃል። ይህ በአጭሩ እንሰይም ያሰኛል እንጂ አማርኛውን እንተው አያሰኝም።

እኔን የሚያሰጋኝ የሚጮኸው ስህተት ሳይሆን ዝም የሚለው ነው። መጠባበቂያ ቅጂ ሲወሰድ ስሙ የረዘመ ፋይል ሊዘለል ይችላል፤ ምልክቱም ማንም በማያነበው ሪፖርት ውስጥ ያለች አንዲት መስመር ትሆናለች። ሰርቨሩ የተቃጠለ ዕለት የጠፋው ውል መሆኑ ይታወቃል። ፍርድ ቤት ማስረጃ አምጡ ሲል «ስሙ ረዝሞብን ነው» ማለት መከላከያ አይሆንም።

ስለዚህ ቀን፣ የመዝገብ ቁጥርና የሰነዱ ዓይነት ለስም ይበቃሉ። የቀረው ታሪክ ሰነዱ ውስጥ ይጻፍ። ያንን የመጠባበቂያ ሪፖርትም የሚያነብ ሰው ዛሬውኑ ይመደብ።