ወላጅን መጦር ምንድን ነው?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

በአገራችን ልጅ «ጧሪ ቀባሪ» ይባላል። መጦር ምግብና ልብስ ማቅረብ ብቻ አይደለም፤ እግር ማጠብን፣ አጠገብ ተቀምጦ ማጫወትን፣ ሲታመሙም ማስታመምን ይጨምራል። ዛሬ ግን ብዙዎቻችን ከወላጆቻችን ርቀን እንኖራለን። ገንዘብ እንልካለን፤ አስታማሚ እንቀጥራለን፤ ከአቅማችን በላይ ሲሆንም ወደ አረጋውያን መርጃ ማእከል እናስገባቸዋለን። ታዲያ ትእዛዙን ፈጸምን ወይስ ሸክሙን ከትከሻችን አወረድን?

ጌታችን ፈሪሳውያንን የገሠጸው ለወላጅ የሚገባውን ርዳታ ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው እያሉ ከግዴታቸው ስለሚያመልጡ ነበር (ማር. 7፥10-13)። ከዚህም አባትንና እናትን ማክበር መጦርን እንደሚያካትት እንረዳለን። እርሱም በመስቀል ላይ ሳለ እናቱን ለሚወደው ደቀ መዝሙር አደራ ሰጥቷል (ዮሐ. 19፥26-27)።

ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ጀምሮ ጧሪ ያጡትን ስትረዳ ኖራለች። ሐዋርያት ሰባቱን ዲያቆናት የሾሙት በዕለታዊው ርዳታ ችላ ስለተባሉት መበለቶች ነው (ሐዋ. 6፥1-6)። ቅዱስ ጳውሎስ ግን ልጆች ያሏት መበለት በቅድሚያ በቤተሰቧ እንድትጦር፣ ቤተ ክርስቲያንም ብቻዋን የቀረችውን እንድትረዳ አዝዟል (1ጢሞ. 5፥4፣ 16)። ማኅበራዊው አገልግሎት የልጅን ድርሻ አይተካም ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ሌላን ሰው ማሳተፍ ኃጢአት ነው ማለት አይደለም። ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ለእንግዶች ማደሪያው ጠባቂ አደራ ሰጥቷል (ሉቃ. 10፥34-35)። ነገር ግን አስቀድሞ ቁስሉን በገዛ እጁ አሰረ፤ በራሱ አህያ ላይ አስቀመጠው፤ ራሱም ተንከባከበው። በማግሥቱ ሁለት ዲናር ከፈለ፤ ተመልሶም የጎደለውን እንደሚሞላ ቃል ገባ። ልዩነቱ ያለው በዚህ መመለስ ላይ ነው። ሰጥቶ የሚመለስ አደራ ሰጠ፤ ሰጥቶ የሚረሳ ግን ጣለ።

ስለዚህ በአካል የራቅን በድምፅ እንቅረብ። ገንዘቡን ስንልክ የንስሐ አባታቸው እንዲጎበኟቸው፣ ቅዱስ ቁርባንም እንዲቀበሉ እናመቻች። ወንድምና እኅት ድካሙን እንካፈል፤ ቅርብ ባለው ላይ ብቻ አንጣል። የምታስታምማቸውን ሠራተኛ ደመወዟን በጊዜው እንክፈል፤ እናከብራትም ዘንድ ይገባል። በሙያችሁ የሰው ወላጅ የምትንከባከቡ ምእመናንም፣ ለታናናሾቹ የምታደርጉት ለክርስቶስ እንደሚቆጠር አስቡ (ማቴ. 25፥40)።

አምላካችን አደራችንን ለመፈጸም ያብቃን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር