ኮንትራስት ከመጨመራችሁ በፊት ሂስቶግራሙን እዩ

የደበዘዘ የቤተሰብ ፎቶ ስካን አድርጋችሁ «እንዴት ላጥራው?» ብላችሁ ለምትጠይቁኝ ነው ይህን የምጽፈው። ብዙዎቻችሁ መጀመሪያ የምትነኩት የኮንትራስት ስላይደሩን ነው። እኔ የማስቀድመው ሂስቶግራሙን ነው። ዓይናችን የስክሪኑ ብርሃን ከፍ ወይም ዝቅ ባለ ቁጥር ይታለላል፤ ሂስቶግራም ግን ፒክስል ቆጥሮ ነው የሚያሳየን።

ባለ 8 ቢት ጥቁርና ነጭ ፎቶ ላይ እያንዳንዱ ፒክስል ከ0 እስከ 255 ካሉት ደረጃዎች አንዱን ይይዛል። 0 ድፍን ጥቁር ነው፣ 255 ደግሞ ንጹህ ነጭ። የሂስቶግራሙ ግራፍ ከግራ ወደ ቀኝ፣ በየደረጃው ምን ያህል ፒክስል እንዳለ ያሳያል።

አንድ የድሮ የሠርግ ፎቶ እንውሰድ፤ ሙሽራው ጥቁር ሱፍ፣ ሙሽሪት ነጭ የሐበሻ ቀሚስ ለብሰዋል። የግራፉ ጉብታ መሃል ላይ ተሰብስቦ ከ60 በታችና ከ190 በላይ ባዶ ነው እንበል። ስለዚህ ሱፉም ግራጫ፣ ቀሚሱም ግራጫ ሆኗል። ፎቶሾፕ ላይ ሌቭልስን ክፈቱ። የግራውን ቀስት ወደ 60፣ የቀኙን ወደ 190 አምጡ። 60 የነበረው 0፣ 190 የነበረው 255 ይሆናል፤ በመሃል ያሉትም ይዘረጋሉ። ፊታቸው ከጨለመ የመሃለኛውን ቀስት ትንሽ ወደ ግራ ሳቡት።

ዋናው ጥንቃቄ እዚህ ጋ ነው። የቀኙን ቀስት ጉብታው ውስጥ ካስገባችሁት፣ ከእሱ በላይ ያለው ሁሉ 255 ሆኖ ይደፈናል፤ የቀሚሱ ሽመናና እጥፋቱ ይጠፋል። ቀስቱን ስትስቡ አልት የሚለውን ቁልፍ ተጫኑ፦ ስክሪኑ ይጠቁርና የተደፈኑት ፒክስሎች ብቻ ይታያሉ። የቀለበቱ ብልጭታ ላይ ከታዩ ምንም አይደለም፤ ቀሚሱ ላይ ከታዩ ግን መልሱ።

ሌላም አለ። ከ60 እስከ 190 ያሉት 131 ደረጃዎች ብቻ ናቸው። በ256 ላይ ሲዘረጉ ግራፉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይከፋፈላል፤ ለስላሳው የጀርባ ግድግዳም መስመር መስመር ሊያወጣ ይችላል። ስካነራችሁ 16 ቢት ካለው በእሱ ስካን አድርጉ።

ደግሞ ሁሉም ፎቶ ከጫፍ ጫፍ መሙላት የለበትም። ጭጋግ የለበሰ ተራራ ሂስቶግራሙ መሃል ላይ ቢሰበሰብ ትክክል ነው፤ አውቶ የሚለው ቁልፍ ግን ይህን አይለይም።

ከእንግዲህ ፎቶ ስትልኩልኝ የሂስቶግራሙን ስክሪንሹት አብራችሁ ላኩ። ኦሪጅናሉን ስካንም አትንኩት፤ ኮፒው ላይ ሥሩ።