ከዋና በፊት አረፋ

እ.ኤ.አ. በ1949 ጄምስ ማክሚላን የተባለ የፈሳሽ ፍሰት መሐንዲስ ለንደን ውስጥ በነበረው የሃሊዊክ ትምህርት ቤት አካል ጉዳተኛ ልጃገረዶችን ዋና ማስተማር ጀመረ። ዘዴው ዛሬም በትምህርት ቤቱ ስም ይጠራል።

ዘዴው የተመሠረተው ውሃ ሰውነትን ወደ ላይ በሚገፋበት ኃይል ላይ ነው። እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ የቆመ ልጅ እግሮቹ የሚሸከሙት የክብደቱን ግማሽ ያህል ነው፤ ውሃው ደረቱ ሲደርስ ሲሶውን ገደማ። ስለዚህ በየብስ መቆም የሚያቅተው፣ ሴሬብራል ፓልሲ (እንቅስቃሴን የሚያውክ የአንጎል ጉዳት) ያለበት ልጅ ውሃ ውስጥ እርምጃ ሊሞክር ይችላል። ከ33 እስከ 36 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ ውሃ ደግሞ የተኮማተረ ጡንቻን ያላላል። ቀዝቃዛ መዋኛ ግን መኮማተሩን ሊያባብሰው ይችላል።

ማክሚላን ክንድ ላይ የሚታሰር ተንሳፋፊ አልተጠቀመም። ለአንድ ልጅ አንድ አሰልጣኝ! ትምህርቱም ውሃ ላይ እፍ ብሎ አረፋ በማስነሳት ይጀመራል፤ ጨዋታ ቢመስልም ትንፋሽን የመቆጣጠር ልምምድ ነው። ቀጥሎ መገላበጥና ሚዛን መጠበቅ ይመጣሉ። ዋናው መጨረሻ ላይ ነው፤ የቸኮለ ወላጅ ይህን ልብ ይበል።

ውሃ የየብሱን ልምምድ ያግዛል እንጂ አይተካም። ልጅዎ የሚጥል ሕመም ካለበት አስቀድመው ሐኪም ያማክሩ፤ ተቅማጥ ወይም ክፍት ቁስል ካለው እስኪድን ይጠብቁ። ውሃ ውስጥ ደግሞ ለአፍታም ቢሆን ብቻውን አይተዉት።