የበቆሎ ትርፍ በዩሪያ ብዛት ብቻ አይገኝም

በ1994 ዓ.ም. ከተከታታይ ጥሩ የመኸር ምርት በኋላ የበቆሎ ዋጋ ክፉኛ ወድቆ፣ ማዳበሪያ በዱቤ የወሰዱ ገበሬዎች ዕዳቸውን መክፈል አቅቷቸው ነበር። ምርቱ ነበር፤ ትርፉ ግን አልነበረም።

አንድ ኩንታል ዩሪያ 46 ኪሎ ናይትሮጅን ይዟል። በአንድ ሄክታር ላይ የመጀመሪያው ኩንታል ብዙ ምርት ይጨምራል፤ ሁለተኛው ያነሰ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከዚያም ያነሰ። አንድ ኩንታል ዩሪያ የሁለት ኩንታል በቆሎ ዋጋ ካወጣ፣ የመጨረሻው ኩንታል ዩሪያ ቢያንስ ሁለት ኩንታል በቆሎ ካልጨመረ ገበሬው ከሰረ ማለት ነው።

የተክሉ ብዛትም ከማዳበሪያው ተለይቶ አይታይም። በመስመሮች መካከል 75፣ በተክሎች መካከል 30 ሳንቲ ሜትር ሲለቀቅ በሄክታር 44,444 ተክል ይቆማል። ሠላሳው ወደ 25 ሲጠብ ቁጥሩ 53,333 ይደርሳል። ከባኮ የምርምር ማዕከል የወጣው ቢኤች-660ን የመሰለ ረጅምና ዘግይቶ የሚደርስ ዝርያ ከመጠን በላይ ሲጠጋጋ የመውደቅ አደጋው ይጨምራል፤ ናይትሮጅን ካነሰውም ራስ የማይዝ አገዳ ይበዛል። በአንጻሩ ተክሉ ከሳሳ፣ የተከፈለበት ዩሪያ የሚጠቀምበት አጥቶ በዝናብ ይታጠባል። ዩሪያውን ከፍሎ፣ የተወሰነውን በዘር ወቅት፣ ቀሪውን በቆሎው ጉልበት ሲደርስ መጨመር ይህን ብክነት ይቀንሰዋል።

ዩሪያ የሚገዛው በዘር ወቅት ነው። በቆሎ በብዛት የሚሸጠው ግን ምርት እንደተሰበሰበ፣ ዋጋው በወረደበት ጊዜ ነው። ስለሆነም ሂሳቡ መሠራት ያለበት ዩሪያው ከመገዛቱ በፊት፣ በዝቅተኛው የበቆሎ ዋጋ ነው።